የተዘጋው በር ማንን ይጠብቃል?

አካል ጉዳተኛ ልጅ የሚያሳድጉ ብዙ ወላጆችን እንቅልፍ የሚነሳቸው አንድ ሐሳብ አለ። እኛ ስናልፍ ማን ይጠብቃታል፣ ማንስ ያዝንለታል የሚል ነው። ሥጋቱ ከፍቅር የመነጨ ስለሆነ ሊናቅም ሊነቀፍም አይገባውም። ከዚህ ሥጋት ተነሥቶ የሚደረስበት ውሳኔ ግን በብዙ ቤት አንድ ዓይነት ነው፦ ከቤት አትውጣ፤ ስለ ወንድና ሴት ነገር ጆሮዋ አይስማ፤ ፍቅርና ትዳር አይታሰብላት፤ ያን ጊዜ ማንም አይደርስባትም። ለወንድ ልጅም ቢሆን የሚሰጠው ፍርድ ብዙም አይለይም። ስለ አካል ጉዳተኞች የፆታ ደኅንነትና መብት በአደባባይ ሲነሣም ጥያቄው የሚቀርበው በዚሁ መልክ ነው፦ እንጠብቃቸው ወይስ ነፃነት እንስጣቸው? እኔ ይህ ጥያቄ ከመነሻው ስሕተት ነው እላለሁ። ጥበቃና መብት አንዱ ሲጨምር ሌላው የሚቀንስ ነገሮች አይደሉም። አካል ጉዳተኛ ሰው ከጥቃት የሚጠበቀው ስለ ገላው ሲያውቅ፣ እምቢ ማለት ሲችል፣ እሺ የማለት መብቱም ሲታወቅለት፣ የደረሰበትን ሲናገር ደግሞ የሚሰማውና የሚያምነው ሲያገኝ ነው። ዝምታና የተዘጋ በር ከማንም በላይ የሚጠቅሙት አጥቂውን ነው።

ከቆጠራው የቀሩት

በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከኢትዮጵያ ሕዝብ ውስጥ አካል ጉዳት ያለበት 1 በመቶ ገደማ ብቻ እንደሆነ መዘገበ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት የአካል ጉዳት ሪፖርት ግን የኢትዮጵያ ድርሻ 17.6 በመቶ ሆኖ ተገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የቅርብ ግምት ደግሞ ከምድር ሕዝብ 16 በመቶው፣ ማለትም 1.3 ቢሊዮን ያህሉ፣ ከባድ የአካል ጉዳት አለበት ይላል። በእርግጥ ሁለቱ የኢትዮጵያ አኃዞች የተሰበሰቡበት መንገድ ይለያያል። ቆጠራው ቤተሰብ አካል ጉዳተኛ አባሉን እንዲያስመዘግብ ሲጠብቅ፣ ሌላው ጥናት ሰዎች በማየት፣ በመንቀሳቀስና በመሳሰሉት ምን ያህል እንደሚቸገሩ ደረጃ በደረጃ ይጠይቃል። ሆኖም ይህን ያህል የሰፋ ልዩነት በአጠያየቅ ብቻ የሚብራራ አይመስለኝም። እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የሚገባ ልጅ ቆጣሪ ሲመጣም እዚያው ጓዳ ነው። ከቆጣሪ የተሰወረ ልጅ ከመምህርም፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም፣ ከፖሊስም ይሰወራል። የፆታ ጥቃት ሲደርስበት የሚያየው የለም፤ መኖሩን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸውና።

የጥቃቱን መጠን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ያስጠናውና እ.ኤ.አ. በ2012 በላንሴት መጽሔት የታተመው የጥናቶች ግምገማ ብዙ ይነግረናል። አካል ጉዳተኛ ልጆች ጉዳት ከሌለባቸው እኩዮቻቸው ይልቅ ለማንኛውም ዓይነት ጥቃት የመጋለጥ ዕድላቸው 3.7 ጊዜ፣ ለወሲባዊ ጥቃት ደግሞ 2.9 ጊዜ ይበልጣል። የአእምሮ ሕመም ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ባለባቸው ልጆች ላይ የወሲባዊ ጥቃቱ ስሌት ወደ 4.6 ይወጣል። ግምገማው የተመሠረተው በአብዛኛው በበለጸጉ ሀገሮች በተደረጉ ጥናቶች ላይ ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት አይቻልም። የሚያነሣው ጥያቄ ግን የእኛም ነው። የተሻለ ሆስፒታል፣ የተሻለ ፖሊስና የተሻለ ትምህርት ቤት ባለበት ሀገር እንኳ እነዚህ ልጆች ይህን ያህል የሚጠቁት ለምንድን ነው? መልሱ ጉዳታቸው ላይ የለም። አጥቂ አስቀድሞ የሚያሰላው ነገር አለ፦ ትናገራለች ወይ? ብትናገር የሚሰማት አለ ወይ? የምትኖረው በማን እጅ ነው? የእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ በእኛ ማኅበራዊ ሥርዓት የተወሰነ እንጂ በልጅቷ ዓይን ወይም እግር የተወሰነ አይደለም። ስለዚህ ሊለወጥ ይችላል።

ጥቃቱ የሚገባበት መንገድ

በር መዝጋት መፍትሔ የሚመስለው አጥቂው ከውጭ የሚመጣ እንግዳ ነው ብለን ስለምናስብ ነው። በፆታ ጥቃት ላይ የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ የሚነግሩን ግን ተቃራኒውን ነው። አጥቂው ብዙ ጊዜ የሚታወቅ ሰው ነው፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ አብሮ አዳሪ፣ መንገድ የሚመራ፣ የሚያጥብና የሚያለብስ ሰው። በአካል ጉዳተኞች ላይ ይህ ይብሳል፤ የሚንከባከባቸው ሰው ወደ ገላቸው የሚደርስበት የተፈቀደ ምክንያት አለውና። ስለ ገላዋ ምንም ያልተነገራት፣ መታጠብና መደፈር በምን እንደሚለዩ ማንም ያላስረዳት ልጅ የደረሰባትን በደል እንደ በደል የምታውቅበት መንገድ አልተሰጣትም። ለታዘዙት ሁሉ እሺ ማለት «ጨዋነት» ተብሎ የተመሰገነባት ልጅ ደግሞ እምቢ ማለትን ከየት ትማራለች?

ጉዳቱ በዓይነቱ ሲታይ መንገዱ ይበልጥ ይገለጣል። ዓይነ ስውር ሴት ለፖሊስ ስታመለክት የመጀመሪያው ጥያቄ «መልኩን ታውቂዋለሽ?» ይሆናል። እሷ ድምፁን፣ አረማመዱን፣ የእጁን ሻካራነት ታውቃለች፤ የሚጠይቃት መርማሪ ግን ይህን እንደ ማስረጃ ለመቀበል ካልሠለጠነ ቃሏ ከመዝገቡ ሳይገባ ይቀራል። መስማት የተሳናት ልጅ ጉዳይ ከዚህ ይከፋል። በገጠር ተወልዳ ትምህርት ቤት ያልገባች ከሆነ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን የምትማርበት ዕድል አላገኘችም፤ ከቤተሰቧ ጋር የምትግባባው እቤት ውስጥ በተፈጠሩ ጥቂት ምልክቶች ነው። ለእንጀራ፣ ለውኃ፣ ለከብት ምልክት አላት፤ ለደረሰባት ነገር ግን ማንም ምልክት አላስተማራትም። ከተማ ያደገችና የምልክት ቋንቋ የምታውቅ ብትሆንም ፖሊስ ጣቢያ አስተርጓሚ ካጣች የሚያስተረጉምላት የቤተሰብ አባል ነው። ያ ሰው ራሱ አጥቂው ሊሆን ይችላል። ባይሆንም ለቤተሰብ ክብር ብሎ ነገሩን ሊያለዝበው ይችላል። በዊልቸር ወይም በክራንች ለምትንቀሳቀስ ሴት ደግሞ ከውስጥ የማይቆለፍ የጋራ መጸዳጃ ቤት፣ ሰው ተሸክሞ ካላወጣት የማትወጣው ደረጃ፣ መንገድ ዳር የምታድርበት ላስቲክ ቤት እያንዳንዱ የአደጋ በር ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባት ልጅ ቀንና ሰዓት አስተካክላ መናገር ስለማትችል «ትቀባዥራለች» ትባላለች፤ አጥቂው ከሌሎች ሁሉ እሷን የመረጠበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ነገሩ ወጥቶ እንኳ የሚሄድበት መንገድ ብዙ ጊዜ ፍርድ ቤት አይደለም፤ ሽምግልና ነው። ሽምግልና ደም ያደረቀ፣ ጎረቤት ያስታረቀ የተከበረ ሥርዓት ነው። በመደፈር ጉዳይ ላይ ሲገባ ግን የሚያስታርቀው ሁለቱን ቤተሰብ እንጂ የተደፈረችውን አይደለም። ካሳ ይቆረጣል፤ አንዳንዴም «እሱ ካላገባት ማን ያገባታል» ተብሎ ለአጥቂዋ ትሰጣለች። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደፋሪው የደፈራትን ሴት ካገባ ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ይህን ቀዳዳ ዘጋው። በአካል ጉዳተኛ ሴቶች ላይ ግን ያ የቀረ ሕግ በሽማግሌዎች አፍ ዛሬም ይኖራል፤ ትዳርን ለእነሱ እንደ ምጽዋት የሚያይ አስተሳሰብ አብሮት አለና።

«ይህ ለእሷ አይደለም» የሚለው ፍርድ

የሕግ ባለሙያዋና የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋቿ የትነበርሽ ንጉሤ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀባይ፣ ዓይናቸውን ያጡት በ5 ዓመታቸው ነው። በተወለዱበት አካባቢ ሴት ልጅ ያለ ዕድሜዋ መዳሯ የተለመደ ነበር። እሳቸውን ከዚያ ያዳናቸው ዓይነ ስውርነታቸው እንደሆነ በተለያየ ጊዜ ተናግረዋል፤ ለትዳር አትሆንም ስለተባሉ ወደ ትምህርት ቤት ሄዱ። ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን የምናነሣው ለብርታት ምሳሌነት ነው። እኔ ግን ሌላ ነገርም አይበታለሁ። እሳቸውን ከልጅነት ጋብቻ ያዳነው «አትሆንም» የሚለው ፍርድ ትምህርት ቤት ያላገኘችውን ሌላዋን ዓይነ ስውር ልጅ ከጓዳ አስቀርቷታል። ለትዳር ያልታሰበች ልጅ ስለ ወር አበባ፣ ስለ እርግዝና፣ ስለ አባላዘር በሽታ የሚነግራት የለም፤ ምን ያደርግላታል ተብሎ። አጥቂው ግን እንደ ቤተሰቡ «ይህ ለእሷ አይደለም» ብሎ አይተዋትም።

ፍርዱ በመረጃም አይደገፍም። በአዲስ አበባ ከ400 በላይ አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን አነጋግሮ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ከመካከላቸው ግማሽ ያህሉ የግብረ ሥጋ ግንኙነት ያደረጉ እንደሆኑ አሳይቷል። እነዚህ ወጣቶች እንደማንኛውም ወጣት ይወዳሉ፣ ይፈልጋሉ፣ ይሳሳታሉም። ልዩነቱ መረጃው ዘግይቶ ወይም ተዛብቶ የሚደርሳቸው መሆኑ ነው። የኤች አይ ቪ ቅስቀሳ በተጧጧፈበት ዘመን መልእክቱ በራዲዮ ሲነገር መስማት የተሳናቸው አልሰሙትም፤ በቢልቦርድ ሲሰቀል ዓይነ ስውራን አላዩትም። አካል ጉዳተኛ ሰው ከዚህ ጉዳይ ውጭ ነው የሚል ግምት ስለነበረ መቅረታቸውን ያስተዋለ ጥቂት ነው።

ከዚሁ ፍርድ የሚወጣ ሌላ ልማድ አለ፤ ሳይነገራት የእርግዝና መከላከያ እንዲሰጣት ማድረግ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባትን ልጅ ለሦስት ወሩ መርፌ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስድ ቤተሰብ «ነገር ቢመጣ እንኳ ውርደት አይመጣም» ብሎ ያስባል። የመርፌውን ሥራ ግን በደንብ እናጢነው። እርግዝናን ይከላከላል፤ መደፈርን አይከላከልም፤ አባላዘር በሽታንም አይከላከልም። ከዚያ አልፎ መናገር በማትችል ልጅ ላይ የሚደርስ ጥቃት ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በእርግዝናዋ ነው። ያ ምልክት አስቀድሞ ሲጠፋ አጥቂው የሚጋለጥበት የመጨረሻው መንገድ ተዘጋ ማለት ነው። ልጅቷ ገብቷት፣ ፈቅዳ የምትወስደው መከላከያ መብቷ ነው። ከጀርባዋ የሚሰጣት ግን የቤተሰቡን ስም ሲጠብቅ እሷን ለተደጋጋሚ ጥቃት አሳልፎ ይሰጣታል።

ይህ መንገድ እስከ መጨረሻው ሲኬድ የት እንደሚያደርስ ታሪክ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1927 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቨርጂኒያ ግዛት ካሪ በክ የተባለችን ወጣት ያለ ፈቃዷ እንዲያመክናት በ8 ለ1 ድምፅ ፈቀደ። ደካማ አእምሮ አላት፣ ያለ ጋብቻ መውለዷም ለዚህ ማስረጃ ነው ተብሎ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ የተደረገ ምርመራ የአእምሮ ጉድለት እንዳልነበረባት፣ ያረገዘችውም ያሳደጓት ቤተሰቦች ዘመድ ደፍሯት እንደሆነ አጋለጠ። የተደፈረችው ተቀጣች፤ የደፈራት በነፃ ኖረ። ሁሉም የተደረገው ለእሷና ለኅብረተሰቡ ጥበቃ በሚል ነው። ሕግ አውጪና ሐኪም ባለበት ሀገር ጥበቃ ይህን ከሠራ፣ ጓዳ ውስጥ በቤተሰብ ብቻ የሚወሰን ጥበቃ ምን ሊሠራ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

የተቃዋሚዎቹ ሐሳብ ሲመዘን

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ያልሰማችውን ማሰማት ያላሰበችውን ማሳሰብ ነው» የሚል ነው። በሃይማኖትና በባህል ጨዋነት ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አከብረዋለሁ። ነገር ግን ልጅን ከመኪና አደጋ ለማዳን መኪና የሚባል ነገር መኖሩን የሚደብቅ ወላጅ የለም፤ የሚያደርገው መንገድ አቋራረጥ ማስተማር ነው። ስለ ገላ ማስተማርም ዝሙትን መስበክ አይደለም። የገላን ክፍል በስሙ መጥራት፣ ማን በምን ምክንያት ሊነካ እንደሚችል መለየት፣ ያልተፈቀደ ሲደርስ ለማን እንደሚነገር ማወቅ ከየትኛውም እምነታችን ጋር አይጋጭም። ንጽሕናዋን የሚወድ ወላጅ ከማንም በፊት ሊያስተምራት የሚገባው እሱ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው እሺ ማለቱ እሺታ ነው ወይ? ይህን በመፈክር ማለፍ አይቻልም። የድርጊቱን ምንነትና ውጤት ፈጽሞ መረዳት የማይችሉ ሰዎች አሉ፤ በእነሱ ላይ የሚፈጸም ግንኙነት ሁሉ ወንጀል ነው፣ ወንጀል ሆኖም መቆየት አለበት። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 የድርጊቱን ጠባይ ወይም ውጤት ልትረዳ ወይም ልትከላከል በማትችል ሴት ላይ ለሚፈጸም አስገድዶ መድፈር የቅጣቱን ጣሪያ ከ15 ወደ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ከፍ ያደረገው በትክክል ነው። ስሕተቱ የሚመጣው ከዚህ ጠባብ ክልል ወጥተን የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበትን ሰው ሁሉ «አያውቅም» ብለን በአንድ ስንጠቀልል ነው። ብዙዎቹ በቀላል ቋንቋ፣ በሥዕል፣ በተደጋጋሚ ማብራሪያ ቢነገራቸው ይገባቸዋል፤ የሚወዱትንና የሚጠሉትን ሰው ይለያሉ። ሒሳብ ማስላት የማይችል ሰው አብሮት ሊኖር የሚፈልገውን ሰው ላያጣ ይችላል። ችሎታ በእያንዳንዱ ጉዳይና በእያንዳንዱ ጊዜ የሚመዘን ነው፤ ከመመዘኑም በፊት ድጋፍ ይቀድማል። ድጋፍ ያላገኘ ሰው አለመቻሉ አልተረጋገጠም። እዚህ ላይ ፍርዴ ይህ ነው፦ ጥርጥር ሲኖር ከለላው በአጥቂው ላይ ይጥበቅ እንጂ በተጠቂዋ ሕይወት ላይ አይጥበቅ። እሷን ከሰው መለየት አጥቂውን ከመመርመር ይልቅ ስለሚቀል ብቻ ትክክል አይሆንም።

ትዳርን እንደ ጥበቃ የሚያዩም አሉ፤ «ባል ካገኘች ተከበረች» ይላሉ። ፈቅዳ፣ ወድዳ የገባችበት ትዳር በእርግጥ ክብር ነው፤ አካል ጉዳተኞች ተዋድደው ሊጋቡ ሲሉ ቤተሰብ የሚያቆምባቸውን ዕንቅፋትም ማንሣት አለብን። ሳትጠየቅ የተዳረች ግን ሌላ ችግር ይጠብቃታል። አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን የሚተረጉመው ከጋብቻ ውጭ የሚፈጸም አድርጎ ነው። ያለ ፈቃዷ የተዳረች ሴት ከጎጆዋ ውስጥ የሚደርስባትን በዚህ አንቀጽ መክሰስ አትችልም። ስለዚህ ለጥበቃ ተብሎ የተሰጠ ትዳር ሕጉ ወደማይደርስበት ቦታ ሊያስገባት ይችላል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የድህነት ነው፤ ጤነኛውም ያልደረሰው አገልግሎት ለአካል ጉዳተኛው እንዴት ይደርሳል የሚል። ሕገ መንግሥቱ ራሱ በአንቀጽ 41 ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጠውን ማቋቋሚያና ዕርዳታ ሀገሪቱ ካላት አቅም ጋር አያይዞታል። ይህ ለጡረታና ለማቋቋሚያ ሊሠራ ይችላል። ከጥቃት መጠበቅ ግን እንደ በጀቱ የሚሰፋና የሚጠብብ መብት አይደለም። ደግሞስ ከሚያስፈልገው ውስጥ ብዙው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የመጸዳጃ ቤት በር ከውስጥ እንዲቆለፍ ማድረግ፣ ሴትየዋን ከቤተሰቧ ለይቶ ለብቻዋ መጠየቅ፣ የጥቃት መጠቆሚያ ስልክ የጽሑፍ መልእክት እንዲቀበል ማድረግ፣ ተጠቂዋን ዘመዷ እንዳያስተረጉምላት መከልከል፣ እነዚህን የሚያግደን ድህነት አይደለም።

ሕጉ ያለውና የጎደለው

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረትም ኮንቬንሽኑ የሀገሪቱ ሕግ አካል ነው። የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 16 አካል ጉዳተኞች ከቤት ውስጥም ከቤት ውጭም ከሚደርስ ብዝበዛና ጥቃት እንዲጠበቁ፣ እነሱን የሚያገለግሉ ተቋማትም በገለልተኛ አካል እንዲታዩ ያዛል። አንቀጽ 23 የማግባት፣ ቤተሰብ የመመሥረት፣ የልጆችን ቁጥር የመወሰንና መውለድ የመቻልን መብት፣ አንቀጽ 25 ደግሞ ለሌላው ሰው የሚሰጠውን የሥነ ተዋልዶ ጤና አገልግሎት በዚያው ጥራትና ደረጃ የማግኘት መብትን ይደነግጋሉ። በአንድ ሰነድ ውስጥ ከጥቃት መጠበቅና ቤተሰብ መመሥረት አብረው መቀመጣቸው የአጋጣሚ አይደለም። ሁለቱም ከአንድ እውነት የሚወጡ ናቸው፤ የሰው ገላ የራሱ ነው ከሚል።

ቀዳዳው የሚገኘው ይህ ወደ ታች ሲወርድ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድበት ሰው በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲቆምለት የመጠየቅ መብት ሰጥቷል፤ መብቱ በግልጽ የተጻፈው ግን ለተከሰሰ ሰው ነው። የተደፈረችው መስማት የተሳናት ልጅ በዚያ አንቀጽ ስሟ የለም። ኮንቬንሽኑ በአንቀጽ 13 ይህን ይሞላዋል፤ ምስክሮችን ጨምሮ፣ ከምርመራው ደረጃ ጀምሮ፣ አካል ጉዳተኞች ፍትሕ የሚያገኙበት ማመቻቸት እንዲደረግ፣ ፖሊሶችም እንዲሠለጥኑ ያዛል። ይህን ግዴታ በየፖሊስ ጣቢያው የሚሠራ ደንብ ማድረግ የኛ ድርሻ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 340 መስማት የተሳናቸውና ዓይነ ስውራን ለአእምሮ ሕሙማን በተደነገገው ከለላ እንዲጠቀሙ ይፈቅዳል። ሐሳቡ በጎ ነበር፤ ውጤቱ ግን ማየትን ወይም መስማትን ማጣት ከማመዛዘን ችሎታ ማጣት ጋር በአንድ እንዲመደብ አድርጓል። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በፍርድ የተከለከለ ሰው ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ እንዳያገባ ይከለክላል። ኮንቬንሽኑ በአንቀጽ 12 የሚጠይቀው ግን ለሰው መወሰንን ሳይሆን ሰው ራሱ እንዲወስን መደገፍን ነው። እነዚህ ሕጎች ከተፈረመው ቃል ጋር እንዲስማሙ መከለስ አለባቸው።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 ላይም ጥንቃቄ ያሻል። ሕጉ ፅንስ ማቋረጥን ከሚፈቅድባቸው ሁኔታዎች አንዱ ነፍሰ ጡሯ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ምክንያት ልጁን ለማሳደግ ያልተዘጋጀች መሆኗ ነው። ተደፍራ ለምትጨነቅ ሴት የሕክምና በር መከፈቱ ተገቢ ነው። በሩን የምታልፍበት ወይም የማታልፍበት ውሳኔ ግን የእሷ መሆን አለበት። ቤተሰብ በዚህ አንቀጽ ተጠቅሞ «አትችይም» ብሎ የሚያስወርዳት ከሆነ ለእሷ የተሰጠ መብት በእሷ ላይ ዞረ ማለት ነው።

ከየት እንጀምር?

ሁሉንም በአንድ ቀን ማድረግ አይቻልም፤ ቅደም ተከተል ያስፈልጋል። እኔ ሦስት ነገሮችን አስቀድማለሁ። አንደኛው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ ነው። ሠራተኞቹ ወደየቤቱ የሚገቡ፣ ጓዳውን የሚያውቁ ሴቶች ናቸው። የቤተሰብ ምጣኔን ሲያስተምሩ «በዚህ ቤት አካል ጉዳተኛ ልጅ አለች?» ብለው እንዲጠይቁ፣ ካለችም እሷን ለብቻዋ እንዲያነጋግሩ መመሪያ ቢሰጣቸው አዲስ መሥሪያ ቤት ሳይከፈት የተዘጋው በር ይከፈታል። ሁለተኛው አስተርጓሚ ነው። በየወረዳው አንድ ባለሙያ መቅጠር ባይቻል እንኳ ፖሊስ ጣቢያና ሆስፒታል በቪዲዮ ጥሪ የሚያገኙት የተመዘገበ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ሊኖር ይችላል። በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዳለው ያሉ፣ ሕክምናን፣ ምክርንና የፖሊስ ምርመራን በአንድ ጣራ ሥር የሚሰጡ ማዕከላት ይህ የማይታለፍ መስፈርታቸው ሊሆን ይገባል፤ መግቢያቸውም በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ባዘዘው መሠረት ለዊልቸር የተመቸ ይሁን። ሦስተኛው ትምህርት ነው። የሥነ ተዋልዶ ትምህርት በብሬይል፣ በድምፅ፣ በምልክት ቋንቋና በቀላል ሥዕል ይዘጋጅ፤ የሚያዘጋጁትና የሚያስተምሩትም የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት አባላት ይሁኑ። በዚህ ጉዳይ ከእነሱ ልምድ የሚበልጥ ዕውቀት ሌላ ቦታ አይገኝም።

ከመንግሥት በፊት ግን እያንዳንዱ ቤት ዛሬ ማድረግ የሚችለው አለ። የምታጥባትና የምታለብሳት ማን እንድትሆን ልጅቷን ጠይቋት፤ ስትፈራው ወይም ስትሸሸው የምታዩት ሰው ካለ ዘመድ ቢሆንም ምክንያቱን መርምሩ፤ የገላዋን ክፍሎች በስማቸው አስተምሯት፤ እምቢ ስትል፣ በትንሽ ነገር እንኳ ቢሆን፣ እምቢታዋ እንደሚከበር በቤታችሁ ትየው። ወንድ ልጃችሁም በዚያው ልክ ይጠየቅ፣ ይማር፤ ጥቃት ወንዶችን አይዘልም፣ ኀፍረቱም ከሴቶቹ ባልተናነሰ ዝም ያሰኛቸዋል። ወላጅ ለዘላለም አይኖርም፤ በሩን የሚዘጋው እጅም አንድ ቀን ይደክማል። ከወላጅ በኋላ ከልጁ ጋር የሚቀሩት የተማረው ነገር፣ የሚያምነው ሰው፣ ቃሉን የሚቀበል ፖሊስና ፍርድ ቤት ናቸው። የምንጨነቅለትን ልጅ በእውነት ልንጠብቀው ከፈለግን በሕይወት ሳለን ልናኖርለት የሚገባን እነዚህን ነው።